የታደሰችው አውሮፕላን

ነፍሱን ይማርና ባለቤቴ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። ጋራዥ ውስጥ «መስታወት» ይሉታል፤ እሱ የቀባው በር ላይ ሰው ፊቱን ያያልና። መካኒኩ ጠዋት ጠዋት ጢሙን እየዳበሰ «መስታወት፣ ዛሬ በየትኛው መኪና ልላጭ?» ይለው ነበር። ጭረት ካየ እጁን ይበላዋል። የቤታችንን ፍሪጅ ስንቴ እንደቀባው የማውቀው እኔ ነኝ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን ትንሽ አውሮፕላን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች የተዋጉባት ከባድ ተዋጊ አውሮፕላን አምሳያ ናት፤ ባለ ሁለት ሞተር፣ ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የተሠራች፣ መዳፍ የምትሞላ። የሟች ልጃቸው ነበረች። ከመደርደሪያ ወድቃ ሞተሯ ላይ የሚሽከረከረው አንዱ ፕሮፔለር ወልቋል። እሱን ብቻ እንዲያጣብቅላቸው ለመኑት።

ፕሮፔለሩን ወዲያው አጣበቀ። ነገር ግን ከሆዷ ሥር ግራጫው ቀለም ተልጦ ብረቱ አግጥጧል። እንዲህ ያለ ነገር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋት፣ በስቱኮ ደፈናት፣ ሁለመናዋን ቀባት፤ ሲደርቅም ወለወላት። ከፋብሪካ ዛሬ የወጣች መሰለች።

ስናደርስላቸው እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። ከላይ አይተው አመሰገኑ። ከዚያ ገለበጧትና አውራ ጣታቸው ከሆዷ ሥር የሆነ ነገር ሲፈልግ አየሁ።

«እዚህ ጋ ብረቱ ይታይ ነበር» አሉ።

«አዎ እትዬ፣ ተልጦ ነበር። ደፈንኩት» አለ ባለቤቴ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብሎ።

«የልጄ የጣቱ ቦታ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚይዛት በዚያ በኩል ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እሳቸው ግን «እጅህ ይባረክ» ብለው ሸኙን፤ ምርቃቱ ከስድብ ባሰበት።

ቤት ገብቶ ምግብ አልነካም። ቀለሙን እዚያች ቦታ ላይ መልሼ ልፋቀው ይሆን አለኝ። በማን ጣት ልክ አልኩት።

ከርሞ ከርሞ ብቻውን ሄዶ ይቅርታ ጠየቃቸው። አላባረሩትም፤ ወንበር ሰጥተው አስቀመጡት።

«ወንድሜ፣ ክፋት እንደሌለህ አውቃለሁ» አሉት። «ግን ባየሁህ ቁጥር ልጄ ሁለተኛ የሞተብኝ ይመስለኛል። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።»

ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲመለስ በደጃቸው አያልፍም፤ በጀርባ በኩል፣ በቆሻሻ መጣያው ዞሮ ይመጣል። ሲዘንብ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ይሆናል። እኔም ታከተኝና፣ ሴትዮዋ ያሉት ትንሽ ጊዜ ነው፣ አሁንስ ይበቃሃል አልኩት። ደጃፋችን ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታ ነበር።

«ይበቃል ማለት የእሳቸው ነው» አለኝ ቀና ሳይል።

ለመጨረሻ ጊዜ ከሥራ የመጣውም በዚያው በጭቃው መንገድ ነው።