ከቢቸና ሞጣ በአባቴ ብስክሌት

ባለፈው ቅዳሜ ጓሮ ሆኜ ጎመን ስቀነጥስ የብስክሌት ደወል ሰማሁ። ደወል ስል የዛሬ ልጆች ሞተራቸው ላይ የሚያስጮኹትን ጡሩንባ ማለቴ አይደለም፤ በአውራ ጣት ሲነካ ሁለት ጊዜ ቅጭል ብሎ ሦስተኛውን ዝገት የሚውጥበትን፣ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ ብሰማው እንኳ የማልስተውን የአባቴን ብስክሌት ደወል ማለቴ ነው። ጎመኑን ጥዬ ስወጣ ትልቋ ልጄ ብስክሌቱን ከዕቃ ቤት አውጥታ፣ አቧራውን እንኳ ሳትጠርግለት፣ ለአሮጌ ብረት ገዢ ልትሰጥ በር ላይ አቁማዋለች። ሰውየው ደግሞ ምን ቸገረው፣ ደወሉን ይነካካል። መሪውን ያዝ አድርጌ በል በሰላም ሂድ አልኩት። ልጄ ሳቀች። «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ልትነጂው ነው እንዴ?» አለችኝ። የኮርቻው ቆዳ አሁንም የአባቴን ኮት ይሸታል። አዎ ልነዳው ነው አልኳት፤ ሞጣ ድረስ።

አባቴ እዚሁ ቢቸና የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ገንዘብ ያገኘ ሰው ሁሉ በቅሎ በሚገዛበት ዘመን እሱ ብስክሌት ገዛ፤ ነገር ግን ከበቅሎ ሕግ ፈቀቅ አላለም። በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ይወርዳል፣ ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል፣ ለቀስተኛ ሲገጥመው ይወርዳል፤ ሳይወርድ ያለፈ እንደሆነ ንቀቱ ለልጅ ልጅ ይወራለታል። አባቴም እንደዚያው ነበር። ከቢቸና ሞጣ ስንት ደብር እንዳለ፣ በገበያ ቀን ስንት ሽማግሌ መንገድ ላይ እንደሚውል የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ፤ ሌላው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን መንገድ እኛ ሁለት ቀን የምንጓዘው በዚህ ምክንያት ነበር።

ሞጣ እኅት ነበረችው፤ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ ሊጠይቃት ይሄዳል። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላኝ ጊዜ እኔን ይዞ ተነሣ። እናቴ ሴት ልጅና ብስክሌት ምን አገናኛቸው ብላ ቤቱን ስታምሰው፣ ኋላ ተቀምጣ ነው የምትሄደው ብሎ አረጋጋት። እውነቱን ነው፣ ኋላ ተቀመጥኩ፤ የከተማው የመጨረሻ ቤት እስኪያልፍ ድረስ። ከዚያ ወረደና፣ እናቴ ከባሕር ዛፉ ጀርባ የቆመች ይመስል ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ፣ ተራሽ ነው አለኝ።

እግሬ አጭር፣ ቀሚሴ ረጅም ነበር። አንድ እግሬን በብረቱ ሥር አሾልኬ፣ እንደ ሸርጣን ተጣምሜ መንዳት ጀመርኩ። ተራ በተራ ሆነ፤ አንዳችን እስከ አንድ ዛፍ እንነዳለን፣ ሌላችን በእግር እንደርሳለን፣ ዳገት ሲመጣ ሁለታችንም እንገፋለን። ጥር ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ፣ ገለባው በነፋስ እየተነሣ ፀጉራችን ውስጥ ይሰካል፣ ሽምብራው ገና እሸት ስለሆነ ያገኘን ገበሬ ሁሉ እቅፍ እቅፍ ያሸክመናል። አባቴ አፉ ሽምብራ እንደሞላ ስለ ዋልካ አፈር ያስተምረኛል፤ አልሰማውም። ደብረ ወርቅ ማርያም ደጅ ወርደን ተሳልመን ስንመለስ የቅኔ ተማሪዎች ብስክሌቱን ከበው፣ ቆሞ ለምን እንደሚወድቅ፣ ሲሮጥ ለምን እንደማይወድቅ ሲከራከሩ ደረስን። አባቴ ሊያስረዳቸው ሞክሮ ራሱ ግራ ገባው። ሲመሽ እሱ የሚያውቃቸው ሰዎች ቤት አደርን።

በማግስቱ ጉንደ ወይን ልንደርስ ስንል ቁልቁለት አለ፤ ተራው የእኔ ነበር። የፍሬኑ ላስቲክ አልቆ አባቴ ከአሮጌ በረባሶ ቆርጦ ነበር የተካው፤ ያ የበረባሶ ቁራጭ መሀል ቁልቁለት ላይ ተፈናጥሮ ሄደ። መንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ወርካ አለ፣ ከሥሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የተጣሉ ሰዎች ያስታርቃሉ። እኔ ቀሚሴ ተገልቦ፣ ጉልበቴ ተራቁቶ፣ አቧራውን ነጭ ጋቢያቸው ላይ እየበተንኩ በፊታቸው አለፍኩ። ሽምብራ ማሳ ውስጥ ገብቼ ወደቅኩ። የተላጠ ጉልበቱን ሽምብራ ነክቶት የማያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሚያቃጥል አይገባውም።

ሊታረቁ የመጡት ሰዎች ይዘውኝ ወደ ወርካው ተመለሱ፤ አባቴም እየሮጠ ደረሰ። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡ የሚመስሉት ጭራ የያዙ አዛውንት ጥፋቴ ሁለት መሆኑን ነገሩት። አንደኛ ሳልወርድ አልፌያለሁ፤ ሁለተኛ ሴት ልጅ ሆኜ ብረት ላይ ተፈናጥጫለሁ። ስለ ሁለቱም ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ከዚያ ወዲያ ብስክሌት እንዳልነካ እዚያው ቃል እንድገባ ፈረዱ። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። ለመንገደኛ ሁሉ የሚወርደው አባቴ ሽማግሌን እምቢ ሲል አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ባርኔጣውን አወለቀ፣ እጅ ነሣ፣ ከዚያ እንደ ጎነበሰ ቆየ።

«አባቶቼ፣ ሳትወርድ በማለፏ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ» አለ። «በመንዳቷ ግን አትጠይቅም።»

ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼዋለሁ፤ የፈራ ሰው ነበር፣ ግን ተናገረው። እያነከስኩ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ተራ በተራ ሳምኩ። ባለ ጭራው ጋ ስደርስ የደማ ጉልበቴን አዩ፣ ብስክሌቱን አዩ፣ አባቴን ቀና ብለው አዩት።

«እንግዲያማ መምህር፣ ፍሬኑን አሠራላታ» አሉ።

ከዚያ እስከ ሞጣ አባቴ አንድም ጊዜ ተራ አልጠየቀኝም። ቁልቁለት ላይ የኋላውን ወንበር ጨብጦ ፍሬን ይሆነኛል፤ ሜዳ ላይ ይለቀኛል። ሞጣ ስንገባ ገበያው ደምቆ ነበር፤ እኔ ኮርቻው ላይ፣ መምህሩ በእግሩ፣ ሻንጣውን ተሸክሞ ከኋላ። አክስቴ ጉድ ፈላ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣለች። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቢቸና ገብቶ ኖሮ እናቴ ሳምንት ሙሉ አላናገረችንም፤ እኛም ሳምንት ሙሉ ተደብቀን ስንሥቅ ከረምን።

አሁን መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ እንደ አገሩ ሰላም አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ተከፍቶ በአውቶቡስ ባለፍኩ ጊዜ መስኮት ላይ ተለጥፌ ወርካውን ፈለግሁት፤ ለመንገዱ ማስፊያ ቆርጠውታል። አውቶቡስ ለማንም አይወርድም። ደብሩም፣ ሽማግሌውም፣ ለቀስተኛውም በመስታወት እልፍ ይላል፤ ሞጣ ሲደርሱ ምንም አላዩም። እነዚያ ሽማግሌዎች የሉም። አባቴም የለም። ከእነሱ ጋር የሄደውን ነገር ልጆቼ ስላላዩት እንዲናፍቃቸው አልጠብቅም፣ ግን አሮጌ ብረት ነው ሲሉኝ ደሜ ይፈላል።

ትላንት ጎማ ጠጋኙ ዘንድ ወሰድኩት። ልጄ ከኋላዬ እየተከተለች ጉልበትሽስ፣ መንገዱስ፣ ሰውስ ምን ይላል ትለኛለች። ሰው የሚለውን በአሥራ ሦስት ዓመቴ ብሎ ጨርሷል፤ ሌላ አዲስ ነገር ካለው ይምጣ። ጠጋኙ ልጅ ካቴናውም ጎማውም አይሆኑም፣ ባይደክሙ ይሻላል አለኝ። ቀስ ብለህ ትቀይራቸዋለህ፣ ጊዜ አለኝ፣ መጀመሪያ ፍሬኑን ሥራልኝ አልኩት።

መንገዱ ሲከፈት እሄዳለሁ። ሁለት ቀን ይፍጅ፣ አራት ቀን ይፍጅ። ደብሩ ደጅ እወርዳለሁ፣ ከእኔ የሚበልጥ ሽማግሌ ከተገኘም እወርዳለሁ። ወርካው የነበረበት ስደርስ፣ ማንም ባይቀመጥበትም፣ ፍሬኑን ይዤ ወርጄ እጅ እነሣለሁ።

ከዚያ ተመልሼ እወጣለሁ።