አባትሽ የቡ ነው

ከጅማ ልወጣ ስል አባ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ካፖርቴ ውስጥ ሰፋበት። አትሳቁ፣ የእውነቴን ነው። አባ በጅማው ገበያ፣ በሄርማታ መርካቶ በረንዳ ላይ ሠላሳ ዓመት የሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። በሰው አገር ሌባ አይጠፋም ብሎ ከገበሩ ሥር ኪስ አበጀ፤ ደብዳቤውን ከተተና አፉን በድርብ ክር ዘጋው። ፓስፖርቴንም ሊጨምረው ነበር፣ እሱን በልመና አስጣልኩት። ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ሸኘኝ፤ አውቶቡሱ ሰኮሩ ለቁርስ እስኪቆም ድረስ ደረቴን እየዳበስኩ ሄድኩ።

ብራስልስ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ ፓስፖርቴን አገላብጦ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ የታለ አለኝ።

«ካፖርቴ ውስጥ ነው።»

«አውጪዋ።»

«አይወጣም፤ አባቴ ሰፍቶበታል።»

እንዲህ ያለ መልስ በሥራ ዘመኑ የሰማ አይመስለኝም። ጓደኛውን ጠራ፣ ጓደኛውም መጥቶ ካፖርቱን ዳሰሰ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻ ከመሳቢያው መቀስ አወጣና ስፌቱን ነካ ሲያደርገው ትርትር አለ። እፍረቴ! በስልክ ስነግረው ግን አባ አልሳቀም። በአንድ ጊዜ ቆረጠው ነው የምትይኝ፣ የእኔን ስፌት፣ አለ። ከዚያ ሁለት ዓመትሽን ጨርሰሽ ስትመጪ እንዲያ ያለ መቀስ ይዘሽልኝ ነይ አለኝ። ወላሂ ብዬ ማልኩለት።

ሁለቱ ዓመት ስድስት ሆነ። ጌንት በምትባል የቤልጂግ ከተማ ስለ አፈር ተማርኩ፤ ስጨርስ ወደ አገሬ እንደመመለስ ስዊድን ገባሁና የመኖሪያ ወረቀት መጠበቅ ጀመርኩ። ወረቀት የሚጠብቅ ሰው እንደታሰረ በግ ነው፤ ገመዱ እስከሚደርስበት ብቻ ይግጣል። ይኸው ዘንድሮ ወረቀቴ ወጣ፣ ለመስከረም ትኬት ቆረጥኩ። ከዚያ በፊት ግን በሐምሌ ወደ ጌንት ተመለስኩ። ተማሪ ሳለሁ ወንዙ ዳር ያየሁት የመቀስ ሱቅ ነበር፤ አባ በደወልኩ ቁጥር አለ ወይ፣ አልተዘጋም ወይ እያለ የሚጠይቀኝ።

ጌንትን በበጋዋ አላወቅኋትም። እኔ የተማርኩባት ከተማ ካፊያና ጨለማ ነበረች፤ አሁን ከምሽቱ አራት ሰዓት ፀሐይዋ አልገባም ትላለች፣ ሰዉ እግሩን ወንዙ ላይ አንጠልጥሎ ቢራ ይጠጣል። በሐምሌ የጅማ ሰው ጫማውን ከጭቃ ሲነቅል ይውላል እኮ! ናፍቆት ይዞኝ የሄድኩባት ከተማ አንድም ሰው መጣሽ ወይ አላለኝም። ሱቁ ግን አለ። ከባድ፣ ጥቁር እጀታ ያለው የልብስ ሰፊ መቀስ ገዛሁና ደስ እያለኝ ወደ ድሮ አከራዬ ወደ መቭራው ሪታ ቤት ሄድኩ። መቭራው ማለት እዚያ ወይዘሮ እንደማለት ነው።

ሪታን ብታውቋት! ሽሮ ስሠራ ሦስቱንም መስኮት ክፈቺ የምትል፣ በር በኃይል ከዘጋሁ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት የምትለጥፍብኝ ሴትዮ ናት። ከእናቴ ከሀርሜ ጋር ግን ወዳጆች ነበሩ። ስትደውል እኔ ከሌለሁ ሀርሜ በኦሮምኛ ደህንነቷን ትጠይቃታለች፣ ሪታ በአገሯ ቋንቋ በፍላሚሽ ትመልሳለች፣ አንዳቸውም ስልኩን ቶሎ አይዘጉም።

በሩን ስትከፍት እጇ ላይ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ነበር። ድሮ እጅ ብቻ የምትጨብጠኝ ሴትዮ አቀፈችኝ።

«ስለ አባትሽ በጣም አዘንኩ» አለችኝ።

«ምን ሆነ አባቴ?» አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። እጄን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና የምታውቀውን ነገረችኝ። በሚያዝያ ታናሽ ወንድሜ ነጂብ ደውሎላት ነበር። አባታችን ሞቷል፣ እህቴ አጠገብ ያሉ የአገራችን ሰዎች ካሉ ፈልጊልን፣ ተሰብስበው ይንገሯት፣ አንቺ ግን እንዳትነግሪያት ብሎ ለመናት። እሷም ስዊድን የማውቀው ሰው የለም አለችው። ከዚያ ወዲህ ራሳቸው የነገሩኝ መስሏት ነበር።

«ሦስት ወር ሙሉ?» አለች። «እንዴት ያለ ጭካኔ ነው?»

ጭካኔ ስትለኝ ጊዜ ጭራሽ ለእነሱ ጠበቃ ሆንኩ። መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ የሚደግፍሽ ሰው ግራ ቀኝሽ ተቀምጦ ነው የሚነገርሽ እያልኩ በተሰባበረ ፍላሚሽ አስረዳኋት። እንባ አልመጣልኝም። ሰው ሲሞት የሚባለውን ኢንና ሊላሂ ማለት እንኳ ጠፋኝ። ሪታ የምታደርገው ቢጠፋት ተነሳችና ሽሮ እንደምሠራ ሁሉ ሦስቱንም መስኮት ከፈተችልኝ።

ያኔ ነው የነጂብ ነገር ትዝ ያለኝ። ሦስት ወር ሙሉ አባ የት ነው ስል የቡ ነው ይሉኝ ነበር። የቡ በምትባለው ገጠር የአባቱ የቡና መሬት አለ፣ ኔትወርክም እንደልብ አይገኝም፣ ስለዚህ አመንኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ነጂብ ምን አለኝ? አባ ቡና ለቀማ ላይ ነው። በሐምሌ! እናንተ የጅማ ሰዎች፣ በሐምሌ ፍሬው ገና አረንጓዴ አይደለም እንዴ? የቡና አገር ልጅ፣ ያውም አፈር የተማርኩ፣ እሺ ሰላም በሉልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በነጂብ ተናደድኩ፣ በራሴ ይበልጥ ተናደድኩ። ሰው ማመን የፈለገውን ያምናል ለካ።

ወንዙ ዳር ሄጄ ከቢራ ጠጪዎቹ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩና ለሀርሜ ደወልኩ። ልጮህባት ነበር የደወልኩት። ሀርሜ አነሳችው፣ ከጀርባዋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ። ድምፅዋ አርጅቷል። ሦስት ወር ባሏን ቀብራ፣ እኔ በደወልኩ ቁጥር እንባዋን ውጣ ስትስቅልኝ የከረመች ሴት ናት። እንዴት ልጮህባት?

«አባስ?» አልኳት።

«አባትሽ የቡ ነው።»

«ሲመለስ ንገሪው» አልኩ። «መቀሱን ገዝቼለታለሁ።»

ዝናቡን ብቻ ሰማሁ። የተቋረጠ መስሎኝ ሀርሜ፣ ሀርሜ አልኩ።

«አለሁ» አለች። «እነግረዋለሁ። በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢው፣ እንዳይቆርጥሽ። መስከረም ነው አይደል የምትመጪው?»

«መስከረም ነው።»

«ነይ። ሁላችንም እንጠብቅሻለን፤ ጎረቤቱም፣ የየቡ ዘመዶችም፣ ሽማግሌዎቹም።»

እሺ አልኳት። ሲነግሩኝ እንደ አዲስ እሰማለሁ።