ከላንቴ ቦይ ዳር የተነቀለ ቄጠማ

እናቴ ዳንቴል አትወድም ነበር። በዚያን ጊዜ፣ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ሰፈራችን ሴቻ ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር አልነበረም፤ ሬዲዮኑ ይለብሳል፣ ወንበሩ ይለብሳል፣ የውሃ ጆጉ ሳይቀር ይለብሳል። እኔም እንደ እኩዮቼ ኪሮሼን ይዤ ስቀመጥ እናቴ እንዝርቷን እያሾረች ከንፈሯን ትመጥብኝ ነበር። «እኛ ቀዳዳ ስንደፍን አረጀን፣ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ቀዳዳ ትሠራላችሁ» ትላለች። ከደጋ፣ ከሸማኔ ቤት የወረደች ፈታይ ናት። ክር ከክር ተጠጋግቶ ካልተቀመጠ ሥራ አይመስላትም።

እንዲህ ያለች ሴት ቤት ነው እንግዲህ አየርላንዳዊቷ የገባችው። አባቴ ካረፈ በኋላ የጓሮውን ክፍል እናከራይ ነበርና፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ፊቷን ጠቃጠቆ የሞላው ነርስ ተከራየችው። በመጣች በሳምንቷ ጠርዙ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ በረንዳው ላይ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠች። የአያቷ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ቀጫጭን ኪሮሾች፣ ክርና ከጥፍር ብዙ የማይበልጡ የዳንቴል ቅጠሎችና አበቦች ነበሩ። የእኛ ዳንቴል ከመሃል ተጀምሮ እየዞረ ይሰፋል፤ የእሷ ግን ቅጠሉ ለብቻው፣ አበባው ለብቻው ይሠራና መጨረሻ ላይ ጨርቅ ላይ ተደርድሮ በቀጭን መረብ ይያያዛል። በአገሯ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ አበባ እንደነበረው፣ ለጎረቤት እንኳ እንደማያሳይ ነገረችን።

«አሁን ይሄ ምን ይደበቃል?» አለች እናቴ በጋሞኛ፣ እኔ ብቻ እንድሰማት።

የእናቴን ልብ ያራራው ዛፉ ነው። የእንግዳችን ቤተሰብ አበባ የአንድ እሾሃማ ዛፍ አበባ ነበር። ዛፉ በአያቷ ማሳ መሃል ብቻውን ይቆማል፤ ማንም አይቆርጠውም፣ በሬ ሲጠመድ እንኳ ዞረውት ነው የሚያርሱት። ሥሩ የማይታዩ ሰዎች ይኖሩበታል ይባላል። ቅርንጫፉን የሰበረ ሰው ያን ዓመት ደህና አይከርምም። ይህን እየተርጎምኩ ለእናቴ ስነግራት እንዝርቷን አቆመች።

«የእኛም ደጋ እንዲህ ያለ ዛፍ አለ» አለች። «እውነቷን ነው፤ አይነካም።»

ከዚያ በኋላ ለእናቴ አበባው ቀዳዳ መሆኑ ቀረ። እንዲያውም ከሱቅ የመጣውን ክር በጣቷ አሸት አድርጋ «ይሄማ ክር አይደለም» ብላ፣ ከባዘቶዋ ጸጉር የመሰለ ቀጭን ክር ፈትላ ሰጠቻት። እንግዳችን በእናቴ ክር ለእኔ የሙሽራ ቀሚስ አንገት መሥራት ጀመረች። ልዳር ነበርና። ሠርጉ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው የተቆረጠው። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ሲሠሩ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ አማርኛን የለመደችው ከትዳር ወዲህ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «ና» ነው የምትለው፤ እንግዳችንም ከእሷ ተምራ እኔን «ቁጭ በል፣ ብላ እንጂ» ስትለኝ ሳቅ ይገድለኛል።

ሠርግ ደረሰ ሲባል ግን ቤታችን ውስጥ ማንም የማይጠራው ነገር ነበር። በእናቴ ወገን ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አናቷ ላይ ቅቤ የምታደርግላት የእናቷ ታላቅ እህት ናት። የእናቴ ታላቅ እህት ላንቴ ትኖራለች፣ መኪና ከተገኘ ቅርብ ነው። ቅርብ ነው ግን ከአባቴ ለቅሶ ወዲህ አልተያዩም። አክስቴ ያን ጊዜ ራሷም አልጋ ላይ ወድቃ ስለነበር የደረሰችው ድንኳኑ ሲነቀል ነው። እናቴ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ሰው ሁሉ እየሰማ «ድንኳን ልታፈርሺ ነው የመጣሽው?» አለቻት። አክስቴ እግቢው በር ላይ እንደቆመች ዞረች፣ ሄደች። በቃ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቂም የሚፈታው በሳር ነው። የበደለ ሰው ራሱ ወይም የላከው ሰው እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ በተበደለው ደጅ ይንበረከካል። ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው ረግጦ የሚያልፍ ጋሞ የለም፤ ጦር የተማዘዘ እንኳ ቢሆን ይቆማል። ችግሩ ግን ሳሩን ማን ይላክ ነው። እናቴ «ባሌ የሞተብኝ እኔ ነኝ፣ እሷ ትምጣ» ትላለች። አክስቴ ደግሞ «ያባረረችኝ እሷ ናት፣ እሷ ትላክ» እንደምትል በሰው በሰው እንሰማለን። የሄደውን ሽማግሌ ሁሉ መለሱ፤ ሁለቱም ድንጋይ! እኔ መሃል ላይ ተቃጠልኩ። አናቴን ማንም ሳይነካው ከቤቴ ልወጣ ነው ብዬ ማታ ማታ ትራሴን በእንባ አርሰው ነበር፤ እናቴ ፊት ግን አፌን አልከፍትም። ለእንግዳችንም አልነገርኳትም። የቤት ገበና ለእንግዳ አይዘረገፍም።

ጥር መጨረሻ ላይ እንግዳችን ቄጠማ ካልነቀልኩ አለች። ነገሩ የጀመረው ለገና ቤት የጎዘጎዝነውን ቄጠማ ስታይ ነው። «ይሄ የእኛ ነው! ትረግጡታላችሁ?» ብላ ከመሬት አነሳችና፣ እዚያው ቆማ በአንድ አፍታ አራት ክንድ ያለው መስቀል ጎንጉና አሳየችን። በእነሱ አገር፣ በፈረንጆቹ ጥር ማለቂያ በአንዲት ቅድስት በዓል ዋዜማ የቤቱ ሴቶች ቄጠማ ያመጣሉ፤ መስቀል ይጎነጉኑና ቤቱን ከእሳት ከበሽታ ይጠብቃል ብለው ከበር በላይ ይሰቅሉታል። ታዲያ ብረት የነካው አይሆንም፤ በእጅ ነው የሚነቀለው። ከገበያ የሚመጣው ሁሉ በማጭድ የታጨደ ስለሆነ አልፈለገችውም። እናቴም በጋሞኛ «ልክ ናት፣ ውሰጂያት» አለችኝ። እኔ ነኝ እንግዲህ የመንገድ መሪ!

መጀመሪያ ኩልፎ ወንዝ ወረድን። ከሙዙ ሥር ሥር ስንፈልግ አረፈድን፤ የነበረውን ለጥምቀት አጭደው ጨርሰውታል፣ የቀረውን ከብት ረግጦታል። አንድ ጋሪ ነጂ «ላንቴ ሂዱ፣ ቦዩ ዳር ሞልቷል» አለን። ላንቴ ማለት ለእኔ አክስቴ ናት። ተመለሺ ብላት ምክንያቱን ልትጠይቀኝ ነው። ቦዩ ረጅም ነው፣ ከአክስቴ ቤት ራቅ ብለን ነቅለን እንመለሳለን ብዬ ሄድን።

በእርግጥም ሞልቶ ነበር። እንግዳችን ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገባች፤ ከሥሩ እየያዘች ሳብ ስታደርገው ነጭ ግርጌው ጧ እያለ ይወጣል፣ እሷም እንደ ልጅ ትስቃለች። አንድ እቅፍ ሲሞላላት ሙዝ የሚያጠጣውን ሰውዬ «መሬቱ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው በአገጩ ከሙዙ ወዲያ ያለ ቤት አሳያት። የአክስቴ ቤት። ለካ እኔ የማውቀው የፊት በሩን ብቻ ኖሮ ዞረን ዞረን ከጓሮዋ ደርሰናል።

«መንገር አለብኝ» አለች እንግዳችን። «ለባለመሬቱ ሳይነግሩ መውሰድ አይሆንም፤ አያቴ አትወድም።»

«እኔ አልሄድም» አልኩ።

«ለምን?»

«ደክሞኛል።»

እየሳቀች እቅፏን ይዛ ሄደች። እኔ ምን ቆርጦኝ! ሙዙ ውስጥ ተሸሽጌ በቅጠሉ መሃል አያታለሁ። ደጁ ላይ ስትደርስ ቆመች። በሩ ገርበብ ብሏል። አንኳኳች። ከዚያ የአያቷ ወግ ትዝ አላት መሰለኝ፣ በእነሱ ቤት ቄጠማ ያመጣች ሴት ከውስጥ «ግቢ» እስክትባል ደፍ ላይ ትጠብቃለች፤ እንዴት እንደምትጠብቅ ደግሞ እኔ ያኔ ነው ያየሁት። ጭቃው ላይ በሁለት ጉልበቷ ተንበረከከች፤ ቄጠማውን በሁለት እጇ ወደ ፊት ዘርግታ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ።

ወይ ጉዴ! ተነሺ ብዬ ልጮህ ስል በሩ ተከፈተ።

አክስቴ በቆሎ ስትፈለፍል ነበር መሰለኝ፣ ሰፌዱን እንደያዘች ወጣች። እንግዳችንን ታውቃታለች፤ የእህቷ ቤት ተከራይ መሆኗን አገር ያውቃል። ተንበርክካ አየቻት። ሳሩን አየች። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ፣ በቆሎው ደጁን ሞላው። ከዚያ ያቺ ስንት ሽማግሌ የመለሰች ሴት፣ እሷም እዚያው ተንበርክካ ሳሩን ተቀበለችና ደረቷ ላይ አድርጋ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። «ይቅር ብያለሁ! ተነሺ ልጄ፣ ብያለሁ!» ትላለች በጋሞኛ። «እህቴ ሰው አጥታ ነው ፈረንጅ የምታንበረክከው?» ትልና ደግሞ ትስቃለች። እንግዳችንም «ግቢ» ያለቻት መስሏት ደስ ብሏት አብራ ትስቃለች።

ከሙዙ ወጥቼ ሮጥኩ። እናቴ አልላከቻትም ብዬ ለአክስቴ ልነግራት ነበር፤ በማርያም፣ ስሮጥ ልነግራት ነበር። አክስቴ ግን አንገቴን አንቃ ሳመችኝ፣ ጀርባዬን በመዳፏ ደበደበችኝ። «ልታገቢ ነው አሉ። ከሰው ሰማሁ!» አለችና እጄን ጎትታ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ከማጀቱ ጥግ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የሠርጉን ወሬ ከሰማች ጀምሮ ከላሟ እየናጠች ያጠራቀመችው ቅቤ ነው። ማንም ሳይጠራት፣ እንደምትጠራም ሳታውቅ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገራት?

«ሳር ተልኮልኝ አላድርም» ብላ ነጠላዋን ለበሰች፣ ቅቤውን አነሳች፣ ግማሹን ቄጠማ በእጇ ያዘች። እኛም ተከተልናት።

ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ነው ለእንግዳችን በእንግሊዝኛ የነገርኳት። የተቀመጥነው ከኋላ ነው፤ አክስቴ ከፊት ሆና ለማታውቀው ሰው ሁሉ «እህቴ ታርቃኝ» እያለች ታወራለች። እንግዳችን ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ይሄ ውሸት ነው» አለችኝ። «ማንም አልላከኝም። አሁኑኑ ልነግራት ይገባል።»

«ከነገርሻት ሠርጌ ላይ ዓይንሽን እንዳላይ!»

«እናትህስ?» አለች ደንግጣ በዚያው በአማርኛዋ። «እናትህ አልላክሁም ትላለች።»

ይህን እኔም ከላንቴ ጀምሮ ሳስበው ነው የመጣሁት። እናቴን አውቃታለሁ። አንድ ሲኒ ጨው ወሰደች ተብላ ያለ ሥራዋ ስሟ ቢነሳ ዕድር ያስሰበሰበች ሴት ናት። ያላለችውን አለች፣ ያላደረገችውን አደረገች ከተባለች ዓለም ቢገለበጥ ዝም አትልም። አልላክሁም ካለች ደግሞ አክስቴ ሁለተኛ ጊዜ ከዚያው በር ልትመለስ ነው፤ ያኔ እስከ መቃብር ነው። ቀድሜ ሮጬ እንዳልነግራት አክስቴ ክንዴን ይዛኛለች። ዳገቱን ስንወጣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

እናቴ በረንዳው ላይ እየፈተለች ነበር። አክስቴ እግቢው በር ላይ ስትደርስ ክንዴን ለቀቀችና ቆመች። ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አልገባችም። ሁለቱ ተያዩ። እንዝርቱ ዞሮ ዞሮ ቆመ።

«ሳሩን ከላክሽልኝ እኔስ የት እቀራለሁ?» አለች አክስቴ በጋሞኛ፣ ቄጠማውን ከፍ አድርጋ። «ይኸው መጣሁ።»

የእናቴ ግንባር ተቋጠረ። «ምን ሳር?» ልትል አፏ ሲከፈት አየሁ። እንግዳችንም ከጎኔ «እማማ፣ እኔ ነኝ…» ብላ ጀመረች። እናቴ እጇን አነሳችባትና ዝም አሰኘቻት። ዓይኗ ግን ከእንግዳችን ላይ አልተነሳም፤ ቀሚሷን፣ ቀሚሷ ላይ ሁለቱም ጉልበት ጋ የደረቀውን የላንቴ ጭቃ ታያለች። ከዚያ ወደ ቄጠማው፣ ከዚያ እህቷ ብብት ሥር ወዳለው የሙዝ ቅጠል ጥቅልል። ምን እንደሆነ ጠረኑ ይናገራል። መጨረሻ እኔን አየችኝ። እኔ አለቅስ ነበር።

እንዝርቷን አስቀመጠች። ተነሳች፤ ባዘቶው ከጭኗ ላይ ወርዶ አፈር ላይ ተበተነ፣ ዞራም አላየችው። በሩ ድረስ ሄደችና እህቷ እግር ሥር፣ ወገቧን እያመማት፣ በጉልበቷ ወረደች።

«ቆይቼ ነው የላክሁት፣ እትዬ» አለች። «በጣም ቆይቼ ነው።»