እግር ለሌላት ወፍ የሠራነው ጎጆ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠ በዓመቱ፣ ክረምት ሳይገባ፣ አባታችን ከከተማው አውጥቶ ወደ ርስቱ ወሰደን። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ድምፁ ለማኅሌት የተሠራ፣ እጁ ግን ዕርፍ መጨበጥ የማይሆንለት ሰው። እናቴ ነበረች፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት የሞላኝ ልጅ ነበርኩ፣ ከእኔ በታች ደግሞ አምስት ዓመት ያልሞላት እህቴ።

እህቴ ነገር ከምንም ታበጅ ነበር። ደጃችን ላይ ያለው ቋጥኝ ባለትዳር ነው ትለናለች፤ ሚስቱ ከወንዙ ማዶ ያለችው ትንሿ ድንጋይ ናት። ወንዙ የሞላ ዕለት «ዛሬ አይገናኙም» ብላ ከልቧ ታዝናለች።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ከእርሻ ስንመለስ አውሮፕላን መጣ። ሁላችንም ቁጥቋጦ ሥር ገባን። እህቴ ብቻ አንጋጣ ቀረች፤ እናቴ በቀሚሷ ጎትታ አስተኛቻት።

«እግር የላትም እኮ» አለች እህቴ፣ የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲርቅ።

«ማን ናት?» አልኳት።

«ወፊቱ ናታ። እግር ከሌላት በምን ታርፋለች? ለዚህ ነው የምትጮኸው።»

«ዝም በይ! ያቺ እሳት ነው የምትጥል» አለች እናቴ።

«እንቁላሏ ነዋ! የምታስቀምጥበት ስታጣ ይወድቅባታል።»

አባቴ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ሐምሌ ገባ። ጉሙ ከደጃችን እስከ ኮረብታው አናት ተኝቶ ይውላል፤ አውሮፕላን የሚባል ነገር አይሰማም። ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነበር። እህቴ ግን ነጎድጓድ በሰማች ቁጥር እህል አልበላም አለች። «ወፊቱ ዝናብ ላይ ናት፤ እንዴት እንብላ?» ትላለች።

አባቴ ሁለት ቀን አባበላት። በሦስተኛው ቀን፣ «እንግዲያ ጎጆ እንሥራላትና ትረፍ» አለ።

«አንቱም ከልጅ ጋር ልጅ ሆኑ?» አለች እናቴ።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ገለባውን ተሸክማ ከፊት የወጣችው እሷ ነበረች። ገሣችንን ለብሰን፣ በጭቃው እየተንሸራተትን ኮረብታው ላይ ወጣን። አባቴ በመቋሚያው አውድማ የሚያህል ክብ መሬት ላይ አሰመረ። እኔ ቅርንጫፍ ጎተትኩ፣ እናቴ ገለባ አነጠፈች፣ እህቴ መሐል ቆማ ታዝዛለች። «እዚህ ይለስልስ! ሆዷ ነው የሚያርፍበት።» አባቴ ወደኋላ ሲሄድ ተንሸራቶ ጎጆው ውስጥ በጀርባው ወደቀ። ያን ጊዜ እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከከተማ ከወጣን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ጎጆውን ማየት የቤቱ ሥራ ሆነ። አንድ ጠዋት ጉሙ እርስ በርስ እንኳ አላስተያይ ብሎን እየተጠራራን ስንወጣ፣ ከላይ የሚያኝክ ነገር ሰማን። አባቴ መቋሚያውን አነሣ። ቀረብ ስንል አንዲት ግዙፍ ግራጫ በቅሎ ጎጆው መሐል ቆማ ገለባውን ትበላለች። ጀርባዋን ጭነት ልጦታል፤ የተበጠሰ ገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«መጣች!» አለች እህቴ፣ በሹክሹክታ። «ላባዋ በዝናብ ረግፏል። ግን እግር አውጥታለች! አራት!»

አባቴ በቅሎዋን ዞሮ አያት። ጭኗ ላይ የተተኮሰ ምልክት ነበር። «የጣሊያን ናት» አለ ቀስ ብሎ።

«ይመልሷት! ያስፈጁናል!» አለች እናቴ።

«ብመልሳት ሰረቅህ ይሉኛል። ባልመልሳት ደበቅህ ይሉኛል። ቁስሏ እስኪደርቅ እንኳ ትቆይ።»

ከገደሉ ሥር ባለው ዋሻ አሰርናት። ሣር እንደ ልብ ነው፤ እናቴ በየማለዳው እያጉረመረመች ጀርባዋን ቅቤ ትቀባላታለች። እህቴ ፊቷ ቁጭ ብላ፣ እንደገና መብረር ባያምራት እንደሚሻል ትመክራታለች።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጠመንጃ ያነገበ ሰው ደጃችን ቆመ። የአገራችን ሰው ነው፤ ለጣሊያን ያደረ።

«የኔታ፣ የመንግሥት በቅሎ ጠፍታለች። በዚህ በኩል አላዩም?»

አባቴ በዕድሜው ዋሽቶ አያውቅም፤ ነጠላውን ማስተካከል ጀመረ። እናቴ ሰፌዱ ላይ ያለውን ቆሎ ትለቅማለች።

«በቅሎ የለችንም» አለች እህቴ ከመሐላችን ወጥታ። «ወፍ ግን አለችን።»

ሰውየው ቁልቁል አያት። «ምን ዓይነት ወፍ?»

«ትልቅ ናት። በፊት ከሰማይ እንቁላል ትጥል ነበር። ላባዋ ስለረገፈ አሁን ገለባ ትበላለች።»

ሰውየው ቁጢጥ አለና ፊት ለፊቷ ሆነ። ስለ ወፊቱ አንድ በአንድ ጠየቃት፤ እሷም ያለ አንዳች ፍርሃት መለሰችለት። በመሐል ቀና ብሎ አባቴን አየ፤ በአባቴ ነጠላ ላይ የተጣበቀውን የበቅሎ ፀጉርም አየ።

«እኔም አንቺን የምታህል ልጅ አለችኝ» አለ በመጨረሻ። «ስሚ፣ ለወፍሽ ንገሪያት። ወደ ደብረ ማርቆስ መንገድ እንዳትወጣ። ሰው በቅሎ ትመስለዋለች።»

ተነሣ። እናቴ ቆሎ በእፍኟ ዘገነችለት፤ እጅ ነሥቶ ተቀበለና ጉሙ ውስጥ ገባ። አባቴ ደጁ ላይ እንደቆመ ረጅም ጊዜ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ለሰውየው ነበር የሚጸልየው። ሌላ ጠያቂ አልመጣም፤ በቅሎዋም በዚያው የእኛ ሆነች።

መስከረም ሲጠባ ወንዙ ጎደለ፣ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆነ። በደብረ ወርቅ በኩል ወዳሉት ዘመዶቻችን፣ ዋናውን መንገድ ትተን በእግር መሄጃው ተጓዝን። እናቴ በቅሎዋ ላይ፣ እህቴ ከፊቷ፣ እኔና አባቴ በእግራችን። አባቴ በዜማ እየመራ፣ እኔ እየተቀበልኩት እኩለ ቀን ላይ ደረስን። አክስቴ ከጓሮ የበቆሎ እሸት ሸልቅቃ፣ ጠብሳ አቀረበችልን፤ ለበቅሎዋም ልጣጩን ሰጠቻት። ፀሐይ ላይ ተቀምጠን፣ ጣታችን እስኪጠቁር የተጠበሰውን እየፈለፈልን በላን።