ከዳሌዬ ተወስዶ በክንዴ የበቀለው አጥንት

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ ካልተናገርኩ የሚያንቀኝ ነገር ስላለ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ። እስካሁን ከድንጋጤዬ አልወጣሁም፤ አፌ ቢተሳሰር ታገሱኝ።

እኔ ሞላሌ የምኖር የባና ሸማኔ ነኝ፤ ከበግ ጠጉር ብርድ ልብስ እሠራለሁ። ባለቤቴ አስካለ ጌታን ስታገኝ እኔ አሾፍባት ነበር። ስትጸልይ "ከጣሪያው ጋር ጨርሰሽ ነይ፣ ራት ይቀዘቅዛል" እላታለሁ። ይቅር ያለኝ አምላክ ይመስገን!

አንድ ቀን ከገብስ ክምር ላይ ወደቅሁና ቀኝ ክንዴ ከክርኔ በላይ ተሰበረ። የሰፈራችን ወጌሻ አባባ ሸዋንግዛው በቀርከሃ አሰሩልኝ። እንደ አገራችን ልማድ ግን በየገበያው ቀን ይፈቱና በቅቤ ያሹኛል፤ "ካልታሸ ደም አይገባውም" ይላሉ። ጠያቂውም ሲመጣ "እስቲ ቀና አድርጋት፣ ድናለች?" ይለኛል። እኔም ቀና አደርጋለሁ! ሕመሙ ሲለቀኝ ዳንኩ ብዬ እስሩን ጣልኩት።

ከዚያ ልቅሶ ቤት አንድ ሽማግሌ ልጨብጥ እጄን ስዘረጋ፣ ወገኖች፣ ክንዴ ክርን በሌለበት ቦታ እጥፍ አለ! ሽማግሌው "በስመ አብ!" ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። እኔ ክው አልኩ። ሁለት ክርን ያለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? መወርወሪያ መወርወር ያቃተውስ ሸማኔ ምን በልቶ ያድራል?

አስካለ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ ራጁን አሳየችኝ።

"አልገጠመም። ሊያያዝ ሲል እየፈታችሁ ስታንቀሳቅሱት ጫፎቹ ተድበልብለዋል" አለችኝ። "በድጋፍ ታስሮ መኖር ይቻላል፤ ሽመናውን ግን እርሳው። አጥንቱ ውስጥ የሚገባ ዘንግም አለ። ላንተ የሚሻለው ጫፎቹን ጠርበን፣ ከጎኑ ብረት በብሎን አስረን፣ ከዳሌህ አጥንት ወስደን መሃሉ ብንጨምር ነው። እጅህን ቀና የሚያደርገው ነርቭ እዚያው ያልፋል፤ ሊጎዳም ይችላል።"

"ከዳሌዬ?" ብዬ ጮህኩ። "ከዚያስ ይገጥማል?"

"እኔ ብረት አስራለሁ እንጂ አጥንት አላበቅልም።"

"ታዲያ ማን ነው የሚያበቅለው?"

ራጁን አስቀመጠችና "እሱን ባለቤትህን ጠይቃት፤ ስትጸልይ አያታለሁ" አለችኝ። እንደገና ክው አልኩ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ?

ለቀዶ ጥገናው አልጋ ይዤ ባለቤቴን ጠየቅኋት። አስካለም ዘፍጥረትን ገልጣ፣ እግዚአብሔር አዳምን እንዳስተኛው፣ ከጎኑ አጥንት እንደወሰደ፣ ቦታውንም በሥጋ እንደዘጋው አነበበችልኝ። "ማስተኛቱ፣ መክፈቱ፣ መዝጋቱ፣ ሁሉም አለ። እሱ አጥንት አያውቅም ብለህ ነው?" አለችኝ። አለቀስኩ። ክንዴ ይዳን አይዳን ሳላውቅ፣ እዚያው አልጋ ላይ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌሉያ!

ቀዶ ጥገናው አልቆ ስነቃ ሐኪሟ "እጅህን ቀና አድርግ" አለችኝ። ፈራሁ፤ ያ "ቀና አድርጋት" ነው ያስበላኝ። ግን ቀና አለ! ከወራት በኋላ እንደገና ራጅ ተነስቼ ስታየው ባዶ የነበረው መሃል ሞልቷል። እሷም ፈገግ አለች። ጌታ ይባረክ!

አባባ ሸዋንግዛው ሰምተው ቤቴ መጡ። ክንዴን ይዘው የታጠፈውን ቦታ በጣታቸው ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አጡት። ፊታቸው ተለዋወጠ። "ልጄ፣ ስንቱን አስሬ ፈትቻለሁ፤ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ማን ነው የሚያበቅለው?" አሉኝ። ያንኑ የእኔን ጥያቄ!

ወገኔ፣ ያልገጠመ ነገር ይዘህ የተቀመጥክ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ጌታንም ጥራ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ይህን የያዝኩትን ባና በዳነው እጄ ሸመንኩት። ለአባባ የሠራሁት ነው። እሳቸውም ዛሬ የጸሎት ቤታችን ደጅ ላይ ቆመው ይሰሙኛል፤ ለመግባት አፍረው ነው።

አባባ፣ ይግቡ እንጂ፣ ደጁ ይበርዳል። ጥያቄዎን ይዘው ይግቡ። እኔም የገባሁት እሱኑ ይዤ ነው።