የትሩፋት የክርስትና ቀሚስ

አሰብ ውስጥ ጥፋት ሁሉ በሙቀት ይሳበባል። ወተት ቢበላሽ ሙቀት ነው፣ ባልና ሚስት ቢጣሉ ሙቀት ነው፣ መምህር ክፍል ሳይገባ ቢቀር ሙቀት ነው። እኔም እዚያ መምህርት ስለነበርኩ ይህን ሰበብ አሳምሬ አውቀዋለሁ። የእታፈራሁ ሕፃን ቆዳዋ ተልጦ ስታለቅስ «ሙቀት ነው» ያሉትን ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

እታፈራሁ የወረኢሉ ልጅ ናት። ባሏ ውድነህ በደርግ ጊዜ አሰብ ወደብ ሲመደብ ተከትላው ወረደችና ከእኔ ቤት ጎን፣ ሠራተኞች ሰፈር ገባች። ዝምተኛ ሴት ነበረች። ልጇ ትሩፋት እስክትወለድ ድረስ ቁጣዋን ያየ ሰው አልነበረም።

በሰፈራችን ልብስ የሚታጠበው በኅብረት ነበር። የቦኖው ውሃ የሚለቀቀው ለጥቂት ሰዓት ስለሆነ፣ ለሁለት የተቆረጠ ትልቅ በርሚል ይሞላና የሁሉም ቤት ልብስ እዚያው ይዘፈዘፋል። የባሎች ቱታ፣ የእኔ ሸሚዝ፣ የሕፃናት ጨርቅ፣ ሁሉም አንድ ላይ! የበርሚሉ አዛዥ ላቀች ነበረች፤ በቀበሌው ሴቶች ማኅበርም ቃሏ የሚሰማ ሴት ናት። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ሳሙና አረፋ አያወጣበትም፤ ሳሙናውም ቢሆን ከቀበሌ ሱቅ የሚገኘው እንደ ዕድል ነው። አንድ ነጭ ዱቄት የመጣው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው።

ያመጣው ሀብቴ የሚባል የአንድ መጋዘን ኃላፊ ነው። ከተቀደደ ጆንያ እየዛቀ ለሰፈሩ ሴቶች በጣሳ በጣሳ አደለ። ምንነቱን የጠየቀ አልነበረም። አንድ ጣሳ በርሚሉ ውስጥ ከተጨመረ ግራሶ የጠጣ ቱታ ሳይቀር ጸድቶ ይወጣል፤ ሴቱ ሁሉ ሀብቴን ሲመርቅ ከረመ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? ሰፈራችን ላሰ።

የትሩፋትም ጨርቅ በዚያው በርሚል ታጠበ። ብዙም ሳይቆይ ቆዳዋ ይቀላና ይላጥ ጀመር። ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ሙቀት ነው፤ ፓውደር አድርጊላት» አለ። ፓውደሩ ምንም አልፈየደላትም። አንድ ቀን እታፈራሁ እኔ ቤት ተቀምጣ ልጇን እያገላበጠች ስታያት ቆየች።

«እትዬ ብርቅዬ፣ ሙቀት ከሆነ ፊቷን ለምን ተወው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ፊቷና መዳፏ እንደ ቅቤ ለስላሳ ነበር። የተቃጠለው ጨርቅ የነካው ገላዋ ብቻ ነው።

ይመር የሚባል የአገሯ ልጅ በተሳቢ መኪና ከደሴ አሰብ ይመላለስ ነበርና እንዶድ እንዲያመጣላት ለመነችው። ሳቀባት። «ሰው ከአሰብ ስንት የውጭ ዕቃ ያስጭነኛል፤ አንቺ እንዶድ ወደ አሰብ?» አላት። ቢስቅም ሲመለስ አንድ ከረጢት ሙሉ ደረቅ እንዶድ አመጣላት። እያስነጠሳት ወቀጠችው፣ ዘፈዘፈችው፣ መታችው፤ ለሳሙና እምቢ ያለው የአሰብ ውሃ ለእንዶድ አረፋ ደፈቀ። የልጇን ጨርቅ ለብቻ በሳፋ አጥባ፣ ደጋግማ አለቅልቃ አሰጣችው። ሳምንት ሳይሞላ ትሩፋት ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመረች።

ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ተቀየሙ እንጂ! ከበርሚሉ መለየት ከዕድር እንደ መውጣት ተቆጠረባት። «አህያ የሌላት በቅሎ ትንቃለች» አሉ። «የእኛ ልብስ ቆሽሾባት ነው?» አሉ። ላቀችማ ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ ስሟን ሳትጠራ፣ «በዚህ በአብዮት ዘመን ሳፋ ለይቶ ማጠብ ግለኝነት ነው» ብላ ተናገረች፤ ተጨበጨበላትም። ለዚህም ይጨበጨባል! የልጇ ቆዳ እንዳይላጥ የጣረች እናት ፀረ ሕዝብ ለመባል ምን ቀራት? እታፈራሁ ግን እንዶዷን መውቀጥ ቀጠለች።

እንዲህ እያለ ክርስትናው ደረሰ። እታፈራሁ ከአገር ቤት በተላከላት ስስ ሸማ ቀሚስ አሰፍታ፣ በእንዶድ አጥባ አሰጣችው። እንዶድ ያጸዳል እንጂ እንደዚያ ዱቄት ዓይን የሚወጋ ነጭ አያደርግም፤ ቀሚሱ ወየብ ያለ ነበር። ላቀች አየችው። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው፤ ለክፋት አልነበረም። ጎረቤት ሲደግስ ኩርፊያ ይቀራል፤ ያኮረፈም መጥቶ ሽንኩርት ይከትፋል። ላቀችም ዕርቅ ፈልጋ፣ «የሰፈራችን ልጅ የወየበ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን አትገባም» ብላ፣ ቀሚሱን ከገመድ አውርዳ በርሚሉ ውስጥ በዱቄቱ ነከረችው። ልታለቀልቀው ስትል ቦኖው ተዘጋ። በጣሳ በተረፈች ውሃ ነካ ነካ አድርጋ፣ አድርቃ፣ በከሰል ካውያ ተኮሰችው። «ተኩሼልሻለሁ» ብላ ስትሰጣት እታፈራሁ የነጣው በትኩሱ መስሏት ጉንጯን ሳመቻት።

ካህኑ ትሩፋትን አጠመቋትና እንደ ረጠበች ያን ቀሚስ አለበሷት። ጮኸች። ሰዉ በመጀመሪያ ፈገግ አለ። «ውሃው በርዷት ነው» አለ አንዱ። አሰብ ላይ፣ በርዷት! ጩኸቷ እየባሰ ሲሄድ እናቷ ቀሚሱን ገለበችው። የሕፃኗ ጀርባ ውሃ ቋጥሮ ነበር። እርጥቡን ጨርቅ በጣቷ ስታሸው አሙለጨለጫት፤ ያን ጊዜ ዱቄቱ መሆኑ ገባት።

«እትዬ ላቀች፣ ልጄን ምን አደረግሻት?»

ያን ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ላቀች እጇን ነጠላዋ ውስጥ ልትደብቅ ስትል እታፈራሁ ጎትታ አወጣችው። መዳፏ ተሰነጣጥቆ ደም ያዘለ ነበር።

«ይሄን እጅ እያየሽ?»

«እኔን ነው የሚያቃጥለው ብዬ» አለች ላቀች። «የእኔ እጅ ነው፣ ምን አለበት ብዬ ቻልኩት። በማርያም፣ ለልጅሽ አስቤ ነው።»

ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ግን ማልቀስ አልቻልኩም፤ ተናድጄ ነበር። ምን ዓይነት ኑሮ ነው ሴት የገዛ መዳፏ ሲደማ ዝም እንድትል ያስተማራት?

የትሩፋት ቁስል መጠገግ ሲጀምር ሦስታችን ሀብቴ ቤት ሄድን። እታፈራሁ ልጇን አቅፋታለች። ሚስቱ አሰጋሽ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች። ሀብቴ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር አወጣልን።

«ጋሼ ሀብቴ፣ ያ የሰጡን ዱቄት ምንድን ነው?» አለች እታፈራሁ።

«የፋብሪካ ሶዳ ነው፤ የተደፈነ ቧንቧ ይከፍቱበታል፣ ቅባት ይበላል። ምነው፣ አለቀ? ነገ ላምጣላችሁ?»

ላቀች ግን ዓይኗን ከአሰጋሽ እጅ ላይ አልነቀለችም። አሰጋሽ የያዘችው ሳሙና ነው፤ ውሃውም ከቦቴ መኪና የተቀዳ፣ ጨው የሌለበት ውሃ ነበርና አረፋው እስከ ክንዷ ደርሷል።

«አሰጋሽ በዱቄቱ አታጥብም እንዴ?» አለች ላቀች።

ሀብቴ ሳቀ። የሚያሳፍር ጥያቄ መሆኑ እንኳ አልገባውም።

«ኧረ ላቀች!» አለ፣ ትሩፋት በእናቷ ክንድ ላይ ሆና፣ ጀርባዋ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ ፊት ለፊት እያየችው። «እኛ ቤት እኮ ልጆች አሉ።»