አያ ጓዴ የቆሙበት መታጠፊያ

የተቃጠለ ፍሬን በሸተተኝ ቁጥር የአባቴ የጭነት ማኪና ትዝ ትለኛለች። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ ቤታችን ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፣ በከተማው ውስጥም ማኪና ሶምሶማ ከምትሄድ በቅሎ እንዳይፈጥን የሚል ትእዛዝ ነበረ።

ክረምቱን አባቴ እህል ጭኖ በጭቃው እየተንፏቀቀ ሲመለስ፣ ጎረቤታችን አያ ጓዴ መንገድ ላይ ያገኙት ነበር። የሚያውቁትን ሰው በበቅሎ ላይ ሆኖ ሰላም ማለት ለእሳቸው ነውር ስለነበር፣ ወርደው ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ይነሱ ነበር፤ አባቴም ቆሞ ሳይመልስ አያልፍም ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ነጋዴዎች ትእዛዙ እንዲላላ ጠየቁ፣ የሰፈሩም ሰው ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ተከራከረ።

«ማኪና በበቅሎ ልክ ከሄደ፣ ጭነቱን ለአያ ጓዴ በቅሎ ብሰጣት አይሻልም?» አለ አባቴ፤ ሰው ሳቀ።

«የእኔይቱ ሰው ስታይ ትቆማለች» አሉ አያ ጓዴ። «ያንተዋስ ዓይን አላት?»

ከዚያ በኋላ የሳቀ ጥቂት ነበር፤ ትእዛዙ ግን ላላ።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ለገበያ ስንቸኩል፣ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ከፊታችን ያለችውን ማኪና እንዲያልፋት «አባባ፣ ቅደማት» እያልሁ አጣደፍሁት። ቀደማት። መታጠፊያው ላይ አያ ጓዴ አይተውን፣ ከበቅሏቸው ወርደው ባርኔጣቸውን አንስተው ቆመው ነበር፤ እንደ ወትሮው የምንቆም መስሏቸው አልሸሹም። አባቴ ፍሬን ቢይዝም ማኪናዋ ተንሸራታ በቅሎዋን ገደለች፣ የእሳቸውንም እግር ሰበረች።

«ምነው ልጄ፣ ሰላምታዬን ሳትመልስ?» አሉት ደግፎ ሲያነሳቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም። አባቴም በአገሩ ደንብ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ደጃፋቸው ተንበረከከ።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ድንጋዩን ግን ወስደህ መታጠፊያው ላይ አኑረው። እዚያ ስትደርስ እኔ የቆምሁ ይምሰልህ።»

አባቴ እስኪሞት ድረስ እዚያ ሲደርስ ያዘግም ነበር።

ዛሬም ሰዎች በከተማ የፍጥነት ወሰን ይጨመር አይጨመር እያሉ ይከራከራሉ። ችኮላቸው ሐሰት ነው አልልም፤ አባቴንም ያስቸኮለው የእውነት ገበያ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ድንጋዩ ተነሥቷል፣ እኔ ግን ቦታው ላይ ስደርስ ፍሬን እይዛለሁ፤ ከኋላዬ ያለው ጥሩምባውን ይነፋል፣ ልጄም «አባባ፣ እዚህ እኮ ምንም የለም» ይለኛል። የአያ ጓዴን ነገር ነግሬዋለሁ። «ቅደማት» ያልሁት እኔ መሆኔን ግን እስከ ዛሬ አልነገርሁትም።